ሊብሬው የማን ነው? የከባድ መኪና አደጋና የካሳው መንገድ

ለቡ ላይ ሲመሽ መንገዱ ባለቤት ይለውጣል። ቀን ሚኒባስና የቤት መኪና ሲጋፋበት የዋለው አስፋልት ማታ የገልባጭ፣ የተሳቢና የቦቴ ይሆናል። ከጅማ መንገድ በሰበታና በዓለም ገና አድርጎ በጀሞ የሚገባው፣ ከቃሊቲ በኃይሌ ጋርመንት የሚመጣው፣ አሸዋና ጠጠር ጭኖ ወደ ግንባታ ቦታዎች የሚጣደፈው ሁሉ ያልፍበታል። ከዚያው አካባቢ የፉሪ ለቡ ባቡር ጣቢያ አለ። ከጅቡቲ የሚመጣው ከ750 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የባቡር መስመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው በዚሁ ጣቢያ ነበር። ባቡሩ የጭነት መኪናውን ሥራ ያቀልለታል የሚል ተስፋ ቢኖርም የአገሪቱን ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛውን እስከ ዛሬ የሚያመላልሰው ጎማ ነው።

ሕዝቡ ለእነዚህ መኪኖች የሰጣቸው ስም ስለ ደኅንነታቸው ያለውን አስተያየት ይናገራል። ቀዩ ሲኖትራክ «ቀይ ሽብር» ተብሏል፤ አይሱዙ «አልቃይዳ»። ከ1969 እና ከ1970 ዓ.ም. የቀይ ሽብር ደም የተረፈ ትውልድ ያንን ስም ለመኪና ለመስጠት ሲደፍር እንደ ቀልድ ብቻ ሊታይ አይገባም።

ከባድ መኪናን የሚገዛው ሕግ ደግሞ ትንሽ አይደለም። የአሽከርካሪው ፈቃድ በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 ይመራል። መኪናው የሚመዘገበውና በየዓመቱ የሚመረመረው በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ሲሆን፣ ምርመራውን ያለፈ መስታወቱ ላይ ቦሎ ይለጥፋል። የትራፊክ መቆጣጠሪያው ደንብ ከቅጣት እርከን እስከ ፈቃድ እገዳ ይዘረዝራል። እንደ ሞጆና አዋሽ ባሉ ቦታዎች የመንገድ ሚዛን የአክስል ክብደት ይለካል። መንጃ ፈቃድ የሚያወጣ ሰው በማሠልጠኛ የሚሸመድደው የፍጥነት ሠንጠረዥ፣ ከ7,500 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን መኪና በከተማ ውስጥ ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንዳያልፍ ይላል። አዲስ አበባም በ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ ሞተር ሳይክሎችን ባገደችበት ወቅት ለጭነት መኪኖች የሰዓት ገደብ አውጥታ እንቅስቃሴያቸውን ወደ ማታ ገፋችው።

ይህ ገደብ የቀኑን መጨናነቅ ያቃልል እንጂ አደጋውን ከቦታው አላጠፋውም፤ ወደ ሌላ ሰዓት ነው ያዛወረው። ማታ መንገዱ ይከፈታል፣ ትራፊክ ፖሊስ ይሳሳል፣ የመንገድ መብራት በየቦታው አይኖርም። ገልባጭ ነጂው የሚከፈለው በምልልስ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ የተቆጠበ ደቂቃ ገንዘብ ነው። 30 የምትለውን ሕግ በባዶ የሌሊት አስፋልት ላይ የሚያስታውስ ማን ነው? በከተማዋ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸውም ከዚህ ጋር ይያያዛል፤ ለቡን በመሰለ፣ ሰፈሩ ከእግረኛ መንገዱ ቀድሞ በተስፋፋበት ዳርቻ፣ ሰው አስፋልቱን የሚያቋርጠው በቻለበት ቦታ ነው።

አደጋው ከደረሰ በኋላ ያለው ሕግ ግን ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ለተጎጂው ያደላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የሚለው ቁርጥ ያለ ነው፦ መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለንብረቱ ኃላፊ ነው፤ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ። ባለንብረቱ ከዚህ የሚያመልጠው አደጋው በደረሰ ጊዜ መኪናው ተሰርቆ እንደነበር ካስረዳ ነው። አንቀጽ 2086 ደግሞ የቀሩትን በሮች ይዘጋል። «ጥፋት የለብኝም»፣ «ምክንያቱ አልታወቀም»፣ «ላስቀረው አልችልም ነበር»፣ «ጥፋቱ የሌላ ሰው ነው» የሚሉ መከራከሪያዎች አያድኑትም። የሚቀንስለት ወይም ነፃ የሚያወጣው የተጎጂው የራሱ ጥፋት ብቻ ነው፤ ያንንም የሚያስረዳው ባለንብረቱ እንጂ ተጎጂው አይደለም።

እዚህ ላይ በየአደጋው ቦታ የሚሰማው «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚል ቃል ሁለት ዕጣ አለው። በወንጀሉ ችሎት አሽከርካሪው ቸልተኛ ነበር ወይስ አልነበረም ለሚለው ክርክር ዋጋ ይኖረው ይሆናል። በካሳው ክስ ግን ለባለንብረቱ ከንቱ ነው። የፍሬኑ መበጠስ የመኪናው ጉዳይ ነው፤ መኪናው ደግሞ የእሱ። ዕቃው አደገኛ ከሆነና ትርፉን እሱ የሚሰበስብ ከሆነ ኪሳራውም የእሱ ይሁን የሚለው አስተሳሰብ፣ ሕጉ ሲረቀቅ በአገሪቱ የነበሩት መኪኖች ጥቂት በነበሩበት ዘመን የተጻፈ ቢሆንም፣ ለዛሬው ለቡ የተጻፈ ይመስላል።

ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ሕጉ ሌላ መንገድ ይይዛል። በአንቀጽ 2084 መሠረት ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገመታል፤ ጠቅላላ ጉዳቱንም ባለንብረቶቹ በግማሽ በግማሽ ይሸከማሉ። አንዱ አሽከርካሪ ብቻውን ወይም በዋናነት ማጥፋቱ ከተረጋገጠ ግን ግምቱ ይፈርሳል። ቪትዙ ላይ ተሳቢ የወጣበት ሰው የትራፊክ ፖሊሱን ፕላን አጥብቆ መያዝ ያለበት ለዚህ ነው።

ታዲያ ባለንብረት ማን ነው? ችሎት መጀመሪያ የሚያየው ሊብሬው ላይ ያለውን ስም ነው። መኪና በውክልና ሸጦ ስሙን ሳያዛውር ለዓመታት የተቀመጠ ሰው አንድ ቀን መጥሪያ ሲደርሰው የሚደነግጠው ከዚህ የተነሳ ነው። ለተጎጂው ቤተሰብ ግን ይህ በረከት ነው፤ የመኪናው ሰሌዳ ቁጥር ከተያዘ ስሙ ከመዝገብ ይገኛል። አሽከርካሪው ተቀጣሪ ከሆነም አንቀጽ 2130 አሠሪውን፣ ሥራውን ሲያከናውን ሠራተኛው ላደረሰው ጥፋት ተጠያቂ ያደርገዋል።

በወረቀት ላይ እዚህ ድረስ ደህና ነው። ችግሩ የሚጀምረው ገንዘቡ ሲቆጠር ነው።

ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው ግዴታ የሆነው በአዋጅ ቁጥር 559/2000 ሲሆን፣ እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 799/2005 ነው። በ2005ቱ አዋጅ ላይ የሰፈረው ልክ ለአንድ ሰው ሞት ከ5,000 ብር የማያንስ ከ40,000 ብር የማይበልጥ፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት ደግሞ እስከ 100,000 ብር ነበር። ከሰው ይልቅ መኪና ከእጥፍ በላይ ከፍ ብሎ የተተመነበትን ይህን ሰንጠረዥ ያዩ የሕግ ባለሙያዎች ባይስማሙ አያስደንቅም። ልኩ የሚከለስ ነገር ስለሆነ አደጋ የደረሰበት ቤተሰብ በአደጋው ዕለት ጸንቶ የነበረውን መጠን ከመድን ድርጅቱ ጠይቆ ማወቅ አለበት።

ዋናው ስሕተት የሚፈጸመው ግን በቁጥሩ ላይ ሳይሆን በትርጉሙ ላይ ነው። ያ ጣሪያ የመድን ድርጅቱ ጣሪያ እንጂ የባለንብረቱ አይደለም። ኢንሹራንሱ 40,000 ብር ከፈለ ማለት ባለመኪናው ነፃ ወጣ ማለት አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ካሳ ከጉዳቱ ጋር እኩል እንዲሆን ያዛል፤ ሰው ሲሞት የትዳር ጓደኛው፣ ወላጆቹና ልጆቹ በአንቀጽ 2095 መሠረት ያጡትን ድጋፍ በራሳቸው ስም መጠየቅ ይችላሉ። ለምሳሌ በወር 10,000 ብር ለቤቱ ያዋጣ የነበረ አባት ሌላ 20 ዓመት ይሠራ ነበር ተብሎ ቢገመት፣ ያለ ሌላ ስሌት ጥያቄው 2,400,000 ብር ይደርሳል። ዳኛው የወደፊቱን ገንዘብ ቀንሶ፣ የሟቹን የግል ወጪ አውጥቶ፣ በርትዕ ልኩን ያሳንሰው ይሆናል። ቢያንስም ቢበዛም ከመድን ድርጅቱ ቼክ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ስንት ቤተሰብ ግን ቼኩን ተቀብሎ «አለቀ» ብሎ ወደ ቤቱ እንደተመለሰ ማሰብ ይበቃል።

የ40,000 ነገር ሌላም ታሪክ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አጓጓዥ ለአንድ መንገደኛ የሚኖርበትን ኃላፊነት የወሰነው በዚሁ በ40,000 የኢትዮጵያ ብር ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ ስለሚመነዘር ገንዘቡ 16,000 ዶላር ያህላል፤ በዘመኑ ቤት የሚያሠራ ሀብት ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀና ዶላር ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ያው 40,000 ብር 400 ዶላር አይሞላም። ቁጥሩ ሳይነቃነቅ ትርጉሙ ከሥሩ ተነቀለ።

ከዚህ የባሰው የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2116 ነው። ለሕሊና ጉዳት፣ ማለትም ለኀዘኑ፣ ለሕመሙና ለስቃዩ የሚሰጠው ካሳ በምንም ሁኔታ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በ1952 ዓ.ም. ይህ 400 ዶላር ገደማ ነበር፤ ዛሬ አሥር ዶላር አይደርስም። ልጇን ለቀበረች እናት ዳኛ ሕጉን ጠብቆ የሚፈርድላት ለአንድ ምሳ ግብዣ የማይበቃ ገንዘብ ነው። ዳኞች ሲፈርዱት እንደሚያፍሩ መገመት አያስቸግርም፤ መስመሩን መሰረዝ ግን የሕግ አውጪው ሥራ እንጂ የእነሱ አይደለም።

ቁጥር እንዲህ ደርቆ መቅረቱ የኢትዮጵያ ብቻ በሽታ አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከባድ መኪና በሚነዱባት አሜሪካ፣ ከግዛት ግዛት ጭነት የሚያመላልስ ድርጅት ሊኖረው የሚገባው ዝቅተኛ የመድን ሽፋን 750,000 ዶላር ነው። ይህም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1980ዎቹ ወዲህ አልተለወጠም፤ የተጎጂ ጠበቆችም ሲነቅፉት ይኖራሉ። እዚያ የሚለየው ማስረጃው ነው። አሽከርካሪው በ14 ሰዓት የሥራ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ከ11 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ ተወስኗል፤ ከሞተሩ ጋር የተያያዘ የኤሌክትሮኒክስ መመዝገቢያ ሰዓቱን ይቆጥራል። ጠበቃው የመጀመሪያውን ደብዳቤ የሚጽፈው ያ መዝገብ እንዳይጠፋ ለማሳገድ ነው። በእኛም አገር የንግድ መኪኖች የፍጥነት መገደቢያና የአቅጣጫ መከታተያ መሣሪያ እንዲገጥሙ መመሪያ ወጥቷል። መሣሪያው ያለበት ገልባጭ ሰው ሲገጭ ፍጥነቱን የሚናገር መረጃ ባለንብረቱ ዘንድ ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ከሳሽ ካልጠየቀው ግን ማንም አያመጣለትም።

ከችሎት በፊት የሚቀድም ሌላ ሸንጎ አለ፤ ሽምግልና። አደጋው በደረሰ በቀናት ውስጥ የባለመኪናው ዘመዶች ሽማግሌ ይልካሉ። ለቅሶ ይደርሳሉ፣ የቀብር ወጪ ይሸፍናሉ፣ ለአርባው ድግስ ይረዳሉ። በኦሮሚያ በኩል የጉማ ሥርዓት ይከተላል። በዚህ ውስጥ ያለውን ሰብአዊነት ማናናቅ ነውር ነው፤ የሁለት ቤተሰብ ቂም የሚበርደው በፍርድ ወረቀት አይደለም። ሆኖም የሽማግሌው ፋይል ውስጥ የምትገባ አንዲት ወረቀት አለች፤ «ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለንም» የምትል። ወረቀቷ የምትፈለገው በወንጀሉ ችሎት ለአሽከርካሪው የቅጣት ማቅለያ እንድትሆን ነው ተብላ ትቀርባለች። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ግልግል በተደነገገው መሠረት ግን እንዲህ ያለ ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። ኀዘን ላይ ያለች ሚስት በ100,000 ብር የፈረመችው የልጆቿን የ15 ዓመት ቀለብ ሊሆን ይችላል። እርቁንና ካሳውን በሁለት ወረቀት መለየት፣ ከመፈረምም በፊት ለአንድ የሕግ ሰው ማሳየት ይቻላል፤ ሽማግሌም በዚህ አይቀየምም።

አሽከርካሪውስ? በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለ በቀላል እስራት ሊቀጣ ይችላል። የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ሲኖርበት ቅጣቱ ይከብዳል፤ ደንብ ሆን ብሎ ጥሶ ወይም ሰክሮ ከሆነ፣ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ ደግሞ ከአምስት ዓመት የሚጀምር ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ብዙ ጊዜ ጠበቃ የመቅጠር አቅም የለውምና መንግሥት የሚያቆምለትን ተከላካይ ጠበቃ ይጠብቃል። እሱ ራሱ ከተጎዳ ደግሞ አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አለ፤ በሥራ ላይ ሙሉ ለሙሉ የአካል ጉዳተኛ የሆነ ሠራተኛ የአምስት ዓመት ደመወዙን ይካሳል። ነገር ግን የጅቡቲ መስመር ሾፌር ኑሮው በውሎ አበልና በምልልስ ክፍያ ነው፤ አዋጁ ደግሞ የውሎ አበልን ከደመወዝ አይቆጥርም። ሚሌ ላይ የተገለበጠ ሾፌር ካሳው የሚሰላው በወረቀቱ ላይ ባለችው አነስተኛ ደመወዝ ነው።

የጭነት መኪና ሰው ሲጭን የሚመጣውን ጥፋት አገሩ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በሲዳማ ክልል ቦና ወረዳ አይቷል። ሠርገኞችን የጫነ አይሱዙ ወንዝ ውስጥ ገብቶ 71 ሰዎች ሞቱ። በገጠር ሌላ መጓጓዣ በሌለበት ሠርገኛ በጭነት መኪና መሄዱ የተለመደ ነው፤ ለካሳ ጥያቄው ግን የተለየ እንቅፋት አለው። በነፃ፣ በውለታ የተሳፈረ ሰው እንደ እግረኛው ባለንብረቱን ያለ ጥፋት ተጠያቂ ማድረግ አይችልም፤ የአሽከርካሪውን ጥፋት ማስረዳት ይጠበቅበታል። ከፍሎ ከተሳፈረ ደግሞ ጉዳዩ የማጓጓዣ ውል ይሆናል። «ከፍለሃል ወይስ በነፃ?» የሚለው የመርማሪ ጥያቄ ተራ ነገር ይመስላል፤ ሕጉን ግን በሁለት ይከፍለዋል።

ገጭቶ ያመለጠን ወይም መድን የሌለውን መኪና በሚመለከት ሕጉ ቀዳዳውን ደፍኗል። የመድን ፈንድ ተቋቁሞ ለእንዲህ ያለው ተጎጂ ካሳ ይከፍላል፤ ዛሬ ሥራው በመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት እጅ ነው። ሌሊት ለቡ ላይ ሰሌዳው ሳይታይ የጠፋ ገልባጭ ሰለባ፣ የፖሊስ ሪፖርትና የሕክምና ማስረጃ ይዞ ወደዚያ መሄድ ይችላል። ማንኛውም የጤና ተቋምም ለአደጋ ተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና የመስጠት ግዴታ አለበት፤ በ2005ቱ አዋጅ ለዚህ የተያዘው 2,000 ብር ነበር። ከለቡና ከጀሞ ለሚነሳ ቁስለኛ ብዙውን ጊዜ ቅርቡ አለርት ሆስፒታል ነው። በቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ተጠርቶ ሲወሰድ የገባበት ሰዓትና የጉዳቱ ዓይነት በካርዱ ላይ በትክክል እንዲሰፍር መከታተል፣ በኋላ የሐኪሞች ቦርድ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ሲወስን ይጠቅማል። መሥራት የማይችልበትን የመቶኛ ልክ ይዞ ያልመጣ ከሳሽ ችሎት ፊት ባዶ እጁን ነው።

ከዚያ የጊዜው ጉዳይ ይመጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲቀርብ ይጠይቃል። አድራጎቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ረዘም ያለ ከሆነ በዚያ ይታያል፤ ይህን ተማምኖ መቀመጥ ግን ቁማር ነው። «የወንጀሉ መዝገብ እስኪያልቅ» ብሎ መጠበቅም አያስፈልግም። አሽከርካሪው በወንጀል በነፃ ቢሰናበት እንኳ የፍትሐ ብሔሩ ዳኛ በዚያ አይታሰርም፤ አንቀጽ 2149 ይህንን በግልጽ አስቀምጦታል። የሚፈልግም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 101 መሠረት ካሳውን እዚያው ወንጀል ችሎት ላይ መጠየቅ ይችላል።

የለቡ ልዩ ችግር ደግሞ ድንበሩ ነው። ጎማው የቆመው ከመንገዱ ወዲህ ከሆነ አዲስ አበባ ነው፤ ጥቂት ወደ ፉሪ ካለፈ ሸገር ከተማ፣ ኦሮሚያ ክልል። ፖሊሱ ይለያል፣ ፕላኑን የሚያነሳው ይለያል፣ የችሎቱ ቋንቋም ይለያል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 27 ግን ከሳሽ ምርጫ አለው፤ ጉዳቱ በደረሰበት ቦታ ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ መክሰስ ይችላል። አደጋው ፉሪ ላይ ደርሶ ባለመኪናው አዲስ አበባ ውስጥ የሚኖር ከሆነ፣ ጉዳዩ ወደ ፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ ምናልባትም ወደ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ምድብ ችሎት ሊሄድ ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቱ እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሚደርስ ክርክር ያያል፤ ብዙው የሞት ካሳ ክስ በዚህ ውስጥ ይወድቃል።

የዳኝነት ክፍያው በሚጠየቀው ገንዘብ ልክ ስለሚሰላ ሚሊዮን የሚጠይቅ ድሃ መጀመሪያ የሚደነግጠው መዝገብ ቤት መስኮት ላይ ነው። ሕጉ «በደሃ ደንብ» መክሰስን ይፈቅዳል፤ መክፈል አለመቻሉን ያስረዳ ሰው ሳይከፍል መዝገብ ይከፍታል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት 50 ሰዓት ነፃ አገልግሎት እንዲሰጥ ጠይቆ ነበር፤ ያንን ሰዓት ለማን እንደሚሰጥ ግን ተጎጂው ሄዶ ካልጠየቀ በቀር አያውቀውም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉት። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ባሏን በአደጋ ላጣች ሴት በር አለው። እዚያ የሚኬደው ግን በለቅሶው ሰሞን በቃል ከሰፈር በተሰበሰበ ወሬ አይደለም። የፖሊስ ሪፖርቱ ቅጂ፣ የሞት ወይም የሕክምና ማስረጃው፣ የወራሽነት ማረጋገጫው፣ የሟቹ የገቢ ማስረጃ፣ የመኪናው ሰሌዳ ቁጥርና የባለሊብሬው ስም በአንድ ፋይል ተይዘው ነው፤ ሁለት ዓመቱም እየተቆጠረ።